ለጨው ውሃ አኳሪየም ጥቁር አሸዋ ወይስ ነጭ? ከመግዛቴ በፊት ምክር እፈልጋለሁ

ናቲ_አሌክሳንድሪያ

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ቨርጂኒያ ነው። ጨው የሌለውን አኳሪየም ለምጄዋለሁ፣ አሁን ወደ ጨው ውሃ ልሻገር ነው። 75 ጋሎን ታንክ ገዝቼ ሳሎን አስቀምጫለሁ። ድንጋይም አሸዋም ውሃም ገና አልገባበትም፣ ስለዚህ ሐሳቤን ለመቀየር ጊዜ አለኝ።

ጥያቄዬ አሸዋው ላይ ነው። እኔ የምፈልገው ጥቁር ነው። ኢንተርኔት ላይ ያየኋቸው ባለጥቁር አሸዋ ታንኮች በጣም ያምራሉ፣ የዓሦቹ ብርቱካንማና ቢጫ ቀለም ቦግ ብሎ ይወጣል። ባለቤቴ ደግሞ “ባሕር ማለት ነጭ አሸዋ ነው” ብላ ቁርጧን ነግራኛለች። ሱቅ ስሄድ ጭራሽ ግራ ተጋባሁ፤ ሮዝ አለ፣ ክሬም አለ፣ የተፈጨ ኮራል አለ፣ እርጥብ ሆኖ የታሸገ “ሕያው አሸዋ” አለ፣ ዋጋውም የዚያኑ ያህል ይለያያል።

ላስገባ ያሰብኩት ሁለት ክላውንፊሽ፣ አንድ ቢጫ ኮሪስ ሬስ፣ አንድ አሸዋ የሚያበጥር ጎቢ፣ ከዚያ ቀስ እያልኩ ለስላሳ ኮራሎች። የትኛውን ቀለም ልግዛ? ስንት ኪሎ ይበቃኛል? ማጠብስ አለብኝ?

ሰላም_ዱባይ

እንኳን ደህና መጣህ ናቲ። ቀለሙን ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ የቅንጣቱን መጠን ወስን።

እኔ ጋ ያለው ኦላይት የሚባለው የባሃማስ ነጭ አሸዋ ነው። እጅግ የላመ ነው፣ ሲያዩት ልብ ይሰርቃል። ነገር ግን ሞገድ የሚሠራውን ፓምፕ ትንሽ ከፍ ባደረግኩ ቁጥር አሸዋው ከአንዱ ጥግ ተጠርጎ ሌላው ጥግ ላይ ይከመራል። ባዶው መስታወት ፈጦ ይታያል፣ ብናኙም ኮራሎቹ ላይ ያርፋል። እኔ ለስላሳ ኮራልና ረጋ ያለ ሞገድ ስላለኝ ተስማምተን እንኖራለን። አንተ ግን ወደፊት ጠንካራ ሞገድ የሚወዱ ኮራሎች ካማሩህ አይሆንህም።

ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ያለው አብዛኛው ሰው የሚስማማበት መጠን ነው። ካሪብሲ የሚባለው የአሸዋ ኩባንያ “ስፔሻል ግሬድ” ብሎ የሚሸጠው እዚያ ውስጥ ይገባል። “ፊጂ ፒንክ” የሚለው ደግሞ ከ0.5 እስከ 1.5 ሚሊሜትር ነው። ከረጢቱ ላይ ተጽፎልሃል። ከስሙ በፊት ቁጥሩን አንብብ።

ኤርሚ_ሲያትል

ጥቁሩ ያለኝ ሰው ነኝና ልንገርህ። ያምራል፣ ይህን ማንም አይክድም። ደግሞም የዓይን ማታለል ብቻ አይደለም። ብዙ ዓሦች ከሥራቸው ያለውን ወለል እያዩ የቆዳቸውን ቀለም ያስተካክላሉ፤ ደማቅ ነጭ ላይ ፈዘዝ፣ ጠቆር ያለ ላይ ደመቅ ይላሉ።

ግን ጥቁር አሸዋ ጥቁር ሆኖ አይቆይም። አንተ ያየሃቸው ፎቶዎች አብዛኛዎቹ ታንኩ አዲስ ሳለ የተነሱ ናቸው። ከጊዜ በኋላ የቀንድ አውጣ ኩስ፣ የቅርፊት ስብርባሪ፣ የትንንሽ ትሎች ነጭ ጠመዝማዛ ቤት፣ የተረፈ ምግብ ይከማቻል። ሁሉም ነጭ ወይም ግራጫ ነው፣ ሁሉም ጥቁሩ ላይ ፊት ለፊት ይታያል። ኮራላይን አልጌ ሲመጣ ደግሞ ሐምራዊ ነጠብጣብ ይጨምርበታል። ነጩ ቆሻሻ ያሳያል ብለህ ወደ ጥቁር ከሸሸህ አላመለጥክም።

ሁለተኛው ነገር ማግኔት ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚገኝ ጥቁር አሸዋ ብዙ ጊዜ ማግኔት የሚስበው ብረት አዘል ማዕድን አለው። መስታወት የምታጸዳበት ማግኔት ወለሉ አጠገብ ሲደርስ ቅንጣቷን አንስቶ ይይዛል፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ወደ ላይ ስትስበው መስታወትህ ላይ መቼም የማይለቅ ጭረት ይቀራል። የፓምፖቹ ሞተርም ማግኔት ስላለው እዚያም ይሰበሰባል። ስለዚህ ጥቁር የምትገዛ ከሆነ ጠንካራ ማግኔት በፌስታል ጠቅልለህ ደረቁ አሸዋ ውስጥ አንሸራሽረው። ጢም አውጥቶ ከወጣ አትግዛው።

እኔ ወድጄው ነው የያዝኩት፣ አሁንም አልቀይረውም። ግን አውቀህበት ግባ።

የምጽዋው

ናቲ ልጄ፣ የዓሣዎችህን ዝርዝር አሸዋ ከመግዛትህ በፊት መጻፍህ ትልቅ ነገር ነው። መልሱ እዚያው ውስጥ ነው ያለው።

ቢጫው ኮሪስ ሬስ ሲመሽ የሚተኛው አሸዋ ውስጥ ነው። ሲደነግጥም የሚሸሸገው እዚያው ነው። በአፉ ቀድሞ ይሰካል፣ ሰውነቱን ግራና ቀኝ ያወዛውዛል፣ በአንድ አፍታ ጅራቱ ሳይቀር ይሰወራል። ይህን ዕድሜውን ሙሉ በየቀኑ የሚያደርግ ዓሣ ነው። ሸካራና ስለታም የተፈጨ ኮራል ላይ ብታስቀምጠው አፉንና ቆዳውን ይላጠዋል፣ ቁስሉም ይመረቅዛል። የተፈጨውን ኮራል ከዝርዝርህ ሰርዘው። ጥልቀቱም ከ5 ሴንቲሜትር ባይወርድ ጥሩ ነው። አዲስ ሲገባ ደግሞ ለቀናት ተቀብሮ ሊቆይ ይችላል፤ ሞቷል ብለህ እንዳትቆፍረው።

ጎቢው ደግሞ አሸዋውን አፉን ሞልቶ ያፍሳል፣ የሚበላውን ያስቀራል፣ የቀረውን በስንጥቡ በኩል ያፈሰዋል። ከ2 ሚሊሜትር በላይ ያለው ቅንጣት ለእሱ ጠጠር ነው። ነገር ግን ጎቢውን አሁን አትግዛው። ከአሸዋው የሚለቅማቸው ትንንሽ ሕያዋን አዲስ ታንክ ውስጥ የሉም፣ እየከሳ ይሞትብሃል። ታንኩ ወራት ቆይቶ አሸዋው ሕይወት ሲያወጣ፣ አንተም የቀዘቀዘ ምግብ አዘውትረህ ልትሰጠው ስትዘጋጅ አምጣው። ሲመጣም አሸዋ እያነሳ ዝቅ ብለው የተቀመጡ ኮራሎችህን ይቀብራቸዋል፣ እነሱን ከፍ አድርጋቸው።

እንግዲህ ከ0.5 እስከ 1.5 ወይም ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር፣ ክብ ክብ ያለ፣ አራጎናይት (ኮራል የሚሠራበት ማዕድን) የሆነ አሸዋ። ቀለም የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

አሁን ስለ ነጩ ለባለቤትህ የምነግራት ነገር አለኝ። በወጣትነቴ ምጽዋ ባሕር ኃይል ነበርኩ። የዳህላክ ደሴቶች ራሳቸው የጥንት ኮራል ድንጋይ ናቸው። እዚያ ያለው አሸዋ የተሰባበረ ኮራል፣ የቀንድ አውጣና የሌላ ሌላው ቅርፊት ነው። በእጅህ ዘግነህ ጠጋ ብለህ ስታየው ክሬም ነው፣ ሮዝ አለበት፣ ቡናማ አለበት፣ አልፎ አልፎ ጠቆር ያለ ፍንጣሪ አለበት። ከሩቅ ነጭ የሚያስመስለው ፀሐይዋ ናት። ኮራል ነክሶ የሚበላው ፓሮትፊሽም ድንጋዩን ፈጭቶ የሚያወጣው አሸዋ አድርጎ ነው፤ ትልቁ ዓይነት በዓመት በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ያወጣል። ከዚህ ሁሉ የተሠራ አሸዋ እንዴት አንድ ወጥ ነጭ ይሆናል? የተደባለቀው ቀለም ነው ባሕሩን የሚመስለው። ቆሻሻም ቶሎ አይታይበትም።

ናቲ_አሌክሳንድሪያ

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ። የሬሱን ነገር ጭራሽ አልሰማሁም ነበር፣ ገና አልገዛሁትም፤ ሱቁ ውስጥ ያየሁት መስታወቱ ባዶ ታንክ ውስጥ ስለነበር አሸዋ ይፈልጋል ብዬ አልገመትኩም።

አንድ ጥያቄ። አራጎናይት ፒኤች (የውሃውን አሲድነት መለኪያ) እንዳይወርድ ይጠብቃል ይባላል። ይሄ እውነት ነው ወይስ ለመሸጥ የሚባል ነው?

የምጽዋው

ሱቅ ውስጥ ያሉት ለሽያጭ የሚያድሩ ናቸው ልጄ፣ በዚያ አትመዝን።

ስለ ፒኤች። ግማሹ እውነት ነው። አራጎናይት ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ግን የባሕር ውሃ ካልሲየምና ካርቦኔት የጠገበ ስለሆነ አሸዋው እንዲሁ አይሟሟም። መሟሟት የሚጀምረው ፒኤች ወደ 7.7 አካባቢና ከዚያ በታች ሲወርድ ነው። ታንክህ ከ7.8 እስከ 8.4 ባለው ውስጥ ስለሚሆን ላይኛው አሸዋ ምንም አይሠራልህም። ከሥር ባክቴሪያ አሲድ በሚፈጥርበት ጥልቅ ቦታ ጥቂት ይሟሟል። ስለዚህ አልካሊኒቲህን (ውሃው አሲድ የመቋቋም አቅሙን) በመለኪያ ተከታተል፣ ሲወርድ ጨምር፤ አሸዋው ያደርግልኛል ብለህ አትተኛ።

የሲሊካ አሸዋም መርዝ አይደለም። ዳያተም የሚባለውን ቡናማ አልጌ ያመጣል እየተባለ ስሙ ይጠፋል፤ ኳርትዝ በውሃ ውስጥ የሚሟሟው እጅግ በዝግታ ነው። አዲስ ታንክ ላይ የሚወጣው ቡናማ ሽፋን በየትኛውም አሸዋ ላይ ይወጣል። ቢሆንም ዋጋው ብዙ ካልተራራቀ አራጎናይቱን ውሰድ፣ ክብ ነው፣ ለሬሱም ይስማማል።

ቤቲ_ስቶክሆልም

እኔ ደግሞ ተቃራኒውን ልበል። ለምን አሸዋ?

ታንኬ ባዶ ወለል ነው። ዝቃጩ የሚደበቅበት የለም። ፓምፖቹ አንስተው ወደ ማጣሪያው ይወስዱታል፣ የቀረውን ውሃ ስቀይር በቱቦ እስበዋለሁ፣ በቃ። እንደ አክሮፖራ ያሉትን ጠንካራ ኮራሎች ነው የማሳድገው፣ እነሱ ደግሞ ኃይለኛ ሞገድ ይፈልጋሉ። አሸዋ ቢኖረኝ ቀኑን ሙሉ አቧራ ነበር። ወለሉም ባዶ ሆኖ አይቀርም፤ ኮራላይን ሸፍኖት ሐምራዊ ሆኗል፣ የሚዘረጉት ኮራሎችም እየወረዱበት ነው። ድንጋዩ መስታወቱን እንዳይነካው ከሥር ነጭ የፕላስቲክ ሰሌዳ አድርጌበታለሁ።

አሸዋ ከተቀመጠ ዓመታት ሲያልፉ አልጌ የሚመገበውን ፎስፌት ይይዛል። ካልሲየም ካርቦኔት ፎስፌትን ይስባል፣ ውሃው ሲጸዳ ደግሞ መልሶ ይለቃል። ይህንን የሚነግርህ ሻጭ የለም።

የምጽዋው

ቤቲ ያልሽው ሁሉ ትክክል ነው፣ ለአንቺ ኮራሎች። ለእሱ ሬስ ግን አይሆንም። ባዶ መስታወት ላይ ማታ ማታ የሚገባበት አጥቶ ሲንከራተት አይቻለሁ፣ ያሳዝናል።

ቤቲ_ስቶክሆልም

እሱ ላይ አልከራከርም። ግን መሃል መንገድ አለ። ላመ አሸዋ የሞላ ሰፊ የፕላስቲክ ሳህን ከድንጋዩ ጀርባ ብታስቀምጥለት ይተኛበታል። ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል። ሬስ ለመያዝ ብሎ ወለሉን ሙሉ ማልበስ ግድ አይደለም።

ሰላም_ዱባይ

ሳህኑ ይሠራል፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ናቲ የሚፈልገው ለስላሳ ኮራልና ሳሎን የሚያምር ነገር ነው። ናሳሪየስ ቀንድ አውጣዎች ምግብ ሲሸታቸው ከአሸዋው ውስጥ ብቅ ሲሉ ለማየት ብቻ እንኳ አሸዋ ይገባዋል። እኔ ቤት ልጆቹ ምግብ የምሰጥበትን ሰዓት የሚጠብቁት ለእነሱ ብለው ነው። መጀመሪያ ረጅሙ አፍንጫ ይወጣል፣ ይዞራል፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ወለሉ በሙሉ ይንቀሳቀሳል።

ዮኒ_አሽዶድ

ከእስራኤል ነኝ። እኛ ሰፈር ባሕሩ ዳር ነው፣ አሸዋው ደግሞ ነጻ ነው 🙂 ከአሽዶድ ባሕር ዳር አምጥቼ ባጥበውስ? ኤይላት ስንሄድ ደግሞ እዚያ የኮራል አሸዋ አለ።

የምጽዋው

ዮኒ የኤይላቱን እርሳው። የኮራል ዳርቻው የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ ነው፣ ከዚያ ምንም ነገር ማንሳት በሕግ ክልክል ነው። ሕጉ ባይኖርም አይገባም፤ እያንዳንዱ እፍኝ ውስጥ የሚኖር አለ።

የአሽዶዱ ግን የሚያስገርም ነገር አለው። ከሲና ጀምሮ እስከ ሃይፋ ባሕረ ሰላጤ ያለው ዳርቻ አሸዋው በአመዛኙ ኳርትዝ ነው፣ የመጣውም ከዓባይ ነው። ወንዙ ተሸክሞት ወርዶ፣ የባሕሩ ሞገድ ደግሞ በሺዎች ዓመታት ወደ ሰሜን ገፋው። ለታንክ ስናስበው ግን ችግር አለበት። ከተማ አጠገብ ስለሆነ ዘይት፣ ብረታ ብረት፣ የፕላስቲክ ስባሪ ይኖርበታል፣ በባልዲ ማጠብ ይህን አያወጣውም። ከባሕር ዳር አሸዋ ማንሳትም በብዙ አገር ያስቀጣል። ሃዋይም ሰርዲኒያም ያስቀጣል። የከረጢቱን ከፍለህ ተገላገል።

ዮኒ_አሽዶድ

የዓባዩን አላውቅም ነበር ጋሼ። ገረመኝ። እሺ ከሱቅ እገዛለሁ።

ቸሩ_ሲኤምሲ

አዲስ አበባ ላለነውስ? የጨው ውሃ ዕቃ እዚህ እንደ ልብ አይገኝም። ጨዉን ከውጭ የሚያመጣልኝ ሰው አለ፣ 20 ኪሎ አሸዋ ግን ማን በሻንጣ ይይዝልኛል? የግንባታ አሸዋ አጥቤ ብጠቀምስ?

ኤርሚ_ሲያትል

ቸሩ በአቼቶ ፈትሸው። ደረቅ አሸዋ በማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ አድርግና አቼቶ ጨምርበት። አረፋ እያወጣ ከተፍለቀለቀ ካርቦኔት አለው ማለት ነው። ዝም ካለ ሲሊካ ወይም የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው።

የምጽዋው

ኤርሚ ያለው ፈተና ጥሩ ነው፣ ግን ቸሩ፣ ማለፍና መውደቁ ብቻውን አይበቃህም። ዝም ያለው ኳርትዝ ቢሆን ይጠቅምሃል። የእኛ አገር የስምጥ ሸለቆ አሸዋ ግን ብዙው ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው፤ ቅንጣቱ ሹል ነው፣ ፑሚስ የሚባለው ቀላል፣ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ አንዳንዱም ማግኔት ይስባል። የግንባታው ደግሞ አፈር የበዛበት ነው፣ ሲሚንቶ ወይም ኖራ ከተቀመጠበት ግቢ የመጣ ከሆነ ጨርሶ አታስገባው።

ባንተ ቦታ ብሆን የቤቲን መንገድ ነበር የምይዘው። ባዶ ወለል ጀምር። ዓሦቹን አሸዋ ከማያስፈልጋቸው ምረጥ፤ ክላውንፊሽ አሸዋ ኖረ አልኖረ ግድ የለውም። አንድ ቀን ከጅቡቲም ሆነ ከዱባይ በመርከብ ዕቃ የሚያስመጣ ሰው ስታገኝ ያኔ ትጨምራለህ።

ቸሩ_ሲኤምሲ

ይሄ ምክር ስንት ብር አዳነልኝ። ባዶ ወለል ይሁን። ቤቲ የሰሌዳውን ነገር በውስጥ መስመር እጠይቅሻለሁ።

ቤቲ_ስቶክሆልም

በደስታ። እዚያም የወጥ ቤት መክተፊያ የሚሠራበት ነጭ ፕላስቲክ ካገኘህ በቂ ነው። ቀለም ያልተቀባና ሽታ የሌለው ይሁን ብቻ።

ናቲ_አሌክሳንድሪያ

እየተከታተልኩ ነው፣ ብዙ ተማርኩ። ግን እውነቱን ልናገር፣ ልቤ አሁንም ጥቁሩ ላይ ነው። የዓሦቹ ቀለም እንደዚያ ቦግ እንዲል ሌላ መንገድ የለም?

ኤርሚ_ሲያትል

አለ። የኋላውን መስታወት አጥቁረው።

ከውጭ በኩል ጥቁር ቀለም ቀባው ወይም ጥቁር ቪኒል ለጥፍበት፣ ታንኩ ባዶ ሳለ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። አንተ ሶፋ ላይ ተቀምጠህ ስታይ ዓሣው የሚዋኘው ከኋላ መስታወቱ ፊት ለፊት እንጂ ወለሉ ላይ አይደለም። ስለዚህ ቀለሙን የሚያወጣልህ ጀርባው ነው። ወለሉ የሚታይህ ቀጭን መስመር ሆኖ ነው። ሽቦና ቱቦውም ይደበቃል። ጥቁር አሸዋ እወዳለሁ ብዬም ይህን የምነግርህ ሬስህ ከእኔ አሸዋ የላመውን ስለሚፈልግ ነው።

ሰላም_ዱባይ

በዚህ ላይ መብራቱን አስብ። ለኮራል ታንክ የሚሸጡት መብራቶች ሰማያዊ ናቸው። ነጭ አሸዋ በሰማያዊ መብራት ሥር ነጭ አይደለም፣ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። ሮዙም ሮዝነቱ ይጠፋል። ሱቅ ውስጥ በነጭ አምፖል ያየኸውን ቀለም ቤትህ አታገኘውም። ደማቅ ነጭ ወለል ብርሃኑን ወደ ላይ ይመልሳል፣ አንዳንድ ዓሣ ይሸማቀቅበታል፣ ጥላ ፍለጋ ድንጋይ ሥር ይውላል። ክሬሙ ይህን ያለዝበዋል።

ከዚያ ደግሞ ታጋሽ ሁን። የትኛውንም ብትገዛ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቡናማ ይለብሳል። ከዚያ አረንጓዴ ሊመጣ ይችላል። ቀይ ሆኖ እንደ ስስ ቆዳ የሚነሳ ካየህ ሳያኖ የሚባለው ባክቴሪያ ነው፣ ሞገድ ያልደረሰበት ቦታ ላይ ነው የሚጀምረው። አሸዋ ቀይር፣ ኬሚካል ጨምር የሚሉህን አትስማ። በቱቦ ሳበው፣ ምግብ ቀንስ፣ ሞገዱን አስተካክል፣ ጠብቅ።

ናቲ_አሌክሳንድሪያ

ይሄ ነው የፈለግኩት! ጀርባው ጥቁር፣ ወለሉ ክሬም። ለባለቤቴ አሳየኋት፣ እሷም ደስ አላት። እንግዲህ ከ0.5 እስከ 1.5 ሚሊሜትሩን አራጎናይት ልውሰድ። ስንት ኪሎ? ጥልቅ ቢሆን ከዓሣ ቆሻሻ የሚጠራቀመውን ናይትሬት ይቀንሳል የሚሉም አሉ፣ 12 ሴንቲሜትር ላድርገው?

የምጽዋው

አታድርገው። ጥልቅ አሸዋ ከ10 ሴንቲሜትር በላይ ሲሆን ከሥሩ ኦክስጅን ያጣል፣ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይለውጡታል። ሥራው እውነት ነው። ሞናኮ ላይ ዣን ዦቤር የሚባለው ተመራማሪ ከአሸዋው ሥር ባዶ የውሃ ክፍል ትቶ በዚሁ መንገድ ታንኮች አስተዳድሯል። ግን ይህ የሚሠራው ሳይነካ ሲቀመጥ፣ ውስጡ በትሎችና በትንንሽ ሕያዋን ሲሞላ ነው። ያንተ ጎቢ ይቆፍረዋል፣ ሬስህ ይገባበታል። ከሥር የተጠራቀመው፣ ጥቁር ሆኖ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ነገር በአንድ ጊዜ ቢገለበጥ ዓሣ ይገድላል። በዚያ ላይ 12 ሴንቲሜትር አሸዋ ከታንክህ ቁመት ሩቡን ሊበላብህ ነው።

5 ሴንቲሜትር አድርገው። ሒሳቡ ቀላል ነው። ርዝመት በወርድ በጥልቀት፣ በሴንቲሜትር፣ ለ1000 ስታካፍለው ሊትር ይሰጥሃል። መደበኛው 75 ጋሎን ወደ 122 በ46 ነው። በ5 ስታባዛው 28 ሊትር ይሆናል። አንድ ሊትር አራጎናይት ወደ አንድ ኪሎ ተኩል ይመዝናል፣ ስለዚህ 42 ኪሎ ገደማ። እናንተ አገር ሁለት ባለ40 ፓውንድና አንድ ባለ20 ብትገዛ ይበቃሃል። ድንጋዩ የሚይዘውን ቦታ ስትቀንስ ጥቂት ይተርፋል፣ አስቀምጠው። አሸዋ በየጊዜው በቱቦ እየተሳበ ያልቃል።

ኤርሚ_ሲያትል

ደረቁን ግዛ፣ ርካሽ ነው። እርጥቡ “ሕያው አሸዋ” ባክቴሪያ አለው፣ ማስጀመሪያ ይሆንሃል፣ ግን ታንኩን ከመቆየት አያድነውም። ዓሣ የሚመርዙት አሞኒያውና ናይትራይቱ ዜሮ እስኪሆኑ ሁለቱም ላይ ትጠብቃለህ።

ደረቁ መታጠብ አለበት፣ በዚህ አትለግም። የባልዲ ሲሶ አሸዋ አድርግ። የአትክልት ማጠጫውን ጎማ እስከ ታች ክተተውና ውሃውን ክፈት። በእጅህ ከሥር ወደ ላይ አገላብጠው። መጀመሪያ የሚፈሰው ውሃ ወተት ነው። እያገላበጥክ አፍስስ፣ እያገላበጥክ አፍስስ፣ ባልዲው ሞልቶ ቆሞ እጅህ ከታች አሸዋው ላይ ጥርት ብሎ እስኪታይህ። የመጨረሻውን ማለቅለቂያ በአርኦ (በልዩ ማጣሪያ በተጣራ) ውሃ አድርገው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው። እርጥቡን ሕያው አሸዋ ግን አታጥበው፣ የከፈልክበትን ባክቴሪያ ነው የምትደፋው።

ሰላም_ዱባይ

ቅደም ተከተሉን አትርሳ። ድንጋዩ መጀመሪያ፣ በቀጥታ መስታወቱ ላይ። አሸዋው ከዚያ በኋላ ዙሪያውን። ድንጋይ አሸዋ ላይ ከተቀመጠ ጎቢው ከሥሩ ቆፍሮ ይንደዋል፣ ራሱን ይቀጠቅጣል ወይም መስታወቱን ይሰብራል። ድንጋዩን በእጅህ ግፋው፣ ከተወዛወዘ አልጨረስክም።

ውሃውን ስትሞላ አሸዋው ላይ ሳህን ወይም ወፍራም ፕላስቲክ አንጥፍና እዚያ ላይ አፍስስ። ትንሽ ይደፈርሳል፣ በአንድ ሁለት ቀን ይጠራል። ማጣሪያው ላይ ጥጥ ካደረግክ ቶሎ ይሄዳል።

ናቲ_አሌክሳንድሪያ

ሁሉንም ጽፌ ይዣለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ። ሁለት የሞገድ ፓምፖች አሉኝ። ይህን የላመ አሸዋ እንዳያስነሱብኝ የት ላስቀምጣቸው? ጽዳቱስ?

ቤቲ_ስቶክሆልም

ከላይኛው ሲሶ ላይ፣ አንዱን ግራ አንዱን ቀኝ። ወደ ውሃው ገጽ ትንሽ ቀና አድርጋቸው፣ ገጹ ሲናወጥ ኦክስጅንም ይገባል። በዝቅተኛ ኃይል ጀምርና በየቀኑ ትንሽ ጨምር። አሸዋው የሚቦረቦርበት ቦታ ካየህ ኃይሉን ከመቀነስህ በፊት አቅጣጫውን ቀይር። ብዙ ጊዜ ውሃው የፊት መስታወቱን መትቶ ወደ ታች እየወረደ ነው የሚቆፍረው። የላይኛው አሸዋ ከተቀመጠ በኋላ ባክቴሪያ ቅንጣቶቹን ስለሚያያይዛቸው ከመጀመሪያው ሳምንት የበለጠ ኃይል ይችላል።

የምጽዋው

ጽዳቱን ውሃ ስትቀይር አድርገው። ወለሉን በአራት ክፈለውና በየተራ አንዱን ብቻ በቱቦ ሳብ። ቱቦውን አሸዋው ውስጥ ስከው፣ አሸዋው ተነስቶ መዞር ሲጀምር ጎማውን በጣትህ ቆንጠጥ አድርገው፤ አሸዋው ይወድቃል፣ ዝቃጩ ይሄዳል። ሬሱ ተኝቶ ሳለ ግን እንዳትጀምር። መብራቱ ከበራና እሱ ወጥቶ መዋኘት ከጀመረ በኋላ ሥራ።